ለጅማ ድርጅቶች የሰርቨር ክላስተር አመራረጥ፦ አራት መንገዶች በንጽጽር

ጅማ ውስጥ ለሰርቨር ግዢ ፕሮፎርማ የሰበሰበ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። አንዱ አቅራቢ አንድ ትልቅ ሰርቨር ያቀርባል፣ ሌላው ሁለት ሰርቨርና አንድ ስቶሬጅ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሦስት ሰርቨር ከ10 ጊጋ ስዊች ጋር። ሦስቱም «ሥራ አይቋረጥም» ይላሉ። የግዢ ኮሚቴው ራምና ዲስክ ቆጥሮ ርካሹን ይመርጣል፤ ልዩነቱ የሚታየው ክረምት ገብቶ መብራት አንድ ሌሊት አራት ጊዜ ሄዶ ሲመለስ ነው።

ክላስተር፣ ማለትም አብረው የሚሠሩ ሰርቨሮች ስብስብ፣ የሚገዛው አንድ ማሽን ሲሞት ሌላው ሥራውን እንዲረከብ ነው። እዚህ ከተማ ግን ሰርቨር ክፍልን ደጋግሞ የሚያቆመው የአንድ ማሽን ሞት ሳይሆን መብራት ነው፤ መብራት ሲሄድ ደግሞ ሦስቱም ማሽኖች አብረው ይሄዳሉ። 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ አንድ ቅርባችን መሆኑ ሰርቨር ክፍሉን አያድነውም፤ መቋረጡ የሚመጣው ከማከፋፈያ መስመሩ ነው። ስለዚህ «ስንት ማሽን ይኑረን?» ከማለት በፊት «ሁሉም በአንድ ጊዜ ጠፍተው መብራት ሲመለስ፣ ያለን አንድ ባለሙያ ብቻውን ሊያስነሳቸው ይችላል?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። ይህ መመሪያ አማራጮቹን የሚመዝነው በዚህ ጥያቄ ነው።

በብር ዋጋ አልጻፍንም። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሬው በገበያ ስለሚወሰን ዛሬ የተጻፈ ዋጋ በሚቀጥለው ወር ያሳስታል። በምትኩ የሚገዛውን ዕቃ ብዛት አስቀምጠናል።

መጀመሪያ መስፈርቱ

ሁለት ቁጥሮች ከኃላፊው አፍ መውጣት አለባቸው፦ ሥራው ስንት ሰዓት ቢቆም ይቻላል? የስንት ደቂቃ መረጃስ ቢጠፋ ይቻላል? የግል ክሊኒክ ለሁለት ሰዓት በወረቀት ካርድ ሊሠራ ይችላል። የቁጠባና ብድር ማኅበር ግን የአንድ ሰዓት የገንዘብ ገቢና ወጪ ቢጠፋበት ከአባላቱ ጋር ይጣላል። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ሳይጻፉ የተገዛ ክላስተር ወይ ይበዛል ወይ ያንሳል።

ሦስተኛው መለዋወጫ ነው። አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ዕቃው እዚያ ካለ በማግስቱ ይደርሳል፤ ከውጭ የሚመጣ ከሆነ ሳምንታት ይፈጃል። ማንኛውም ሱቅ የሚሸጠው ዲስክ የሚገባበት ሥርዓትና የአምራቹን ዲስክ ብቻ የሚቀበል ሥርዓት እዚህ ላይ ይለያያሉ። አራተኛው ሙያ ነው፦ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስልክ የሚያነሳው ማን ነው? ምን ያህልስ ያውቃል? አምስተኛው፣ ከላይ እንዳልነው፣ ከሙሉ ጨለማ በኋላ የሥርዓቱ አነሳስ ነው።

ምርጫ 1፦ አንድ ሰርቨርና አንድ ተጠባባቂ

ዋናው ሰርቨር ሁለት ፓወር ሰፕላይና በጥንድ የታሰሩ አራት ዲስኮች ይኖሩታል። ሌላ አነስ ያለ ወይም ያገለገለ ማሽን አጠገቡ ሆኖ ቅጂ ይቀበላል። ዋናው ሲሞት ባለሙያው ቅጂውን ተጠባባቂው ላይ በእጁ ያስነሳል፤ ይህም ከ1 እስከ 4 ሰዓት ይወስዳል። የሚጠፋው መረጃ ከመጨረሻው ቅጂ ወዲህ ያለው ስለሆነ በየሰዓቱ ቅጂ ከተላከ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም።

ዲስኮቹን በሬይድ ካርድ (ዲስኮችን በሚያጣምር የሃርድዌር ካርድ) ከማሰር በዜድኤፍኤስ (ያንኑ በሚሠራ ሶፍትዌር) ማሰር ይሻላል። ካርዱ ከሞተ ያንኑ ዓይነት ካርድ እስክታገኙ ዲስኮቹ አይነበቡም። በዜድኤፍኤስ የታሰሩ ዲስኮች ግን ተነቅለው ሌላ ማሽን ላይ ይከፈታሉ። ካርዱ ካለም ዲስኮቹን እንዳሉ አሳልፎ እንዲያሳይ አድርጉት። ማከማቻውን ከ80 በመቶ በላይ አትሙሉት፤ ፍጥነቱ ይወርዳል።

ይህ ምርጫ በፕሮፎርማ ውድድር ላይ ደካማ ይመስላል። ከሙሉ ጨለማ በኋላ ግን ከሁሉም ቀድሞ፣ ማንንም ሳይጠይቅ የሚነሳው እሱ ነው። አንድ ባለሙያ ብቻ ላለው ድርጅት በሙሉ ልብ እንመክረዋለን።

ምርጫ 2፦ ሁለት ሰርቨርና አንድ ምስክር

ክላስተር የሚወስነው እንደ እድር ጉባኤ ነው፤ ምልዓተ ጉባኤ ካልሞላ ውሳኔ የለም። ሁለት አባላት ብቻ ካሉ አንዱ ሲቀር የቀረው ብቻውን ግማሽ እንጂ አብላጫ አይሆንም፤ ስለዚህ ሥራ ያቆማል። ለዚህ ሦስተኛ ድምፅ የሚሰጥ ትንሽ ማሽን ያስፈልጋል። ራስበሪ ፓይ ወይም አሮጌ ሚኒ ኮምፒውተር ይበቃል።

በፕሮክስሞክስ (በአንድ ሰርቨር ላይ ቨርቹዋል ማሽን የሚባሉ በሶፍትዌር የተፈጠሩ ኮምፒውተሮችን በሚያስተዳድር ሥርዓት) ሲሠራ ምስክሩ ላይ የኮሮሲንክ (ሰርቨሮቹ እርስ በርስ የሚተያዩበትና ድምፅ የሚቆጥሩበት ሶፍትዌር) ኪውኔትዲ ፕሮግራም ይጫናል፣ ሁለቱ ሰርቨሮች ላይ ኪውዲቫይስ፤ ግንኙነቱ በቲሲፒ ፖርት 5403 ነው። ዲስኮቹ በየሰርቨሩ በዜድኤፍኤስ ይታሰሩና ቨርቹዋል ማሽኖቹ ከአንዱ ወደ ሌላው በየጊዜው ይገለበጣሉ። ሳይቀየር ከተተወ በየ15 ደቂቃው ነው፤ እስከ 1 ደቂቃ ማውረድ ይቻላል። አንድ ሰርቨር ሲሞት ሌላው 2 ደቂቃ ያህል ጠብቆ ማሽኖቹን ያስነሳል፤ የሚጠፋው ከመጨረሻው ግልበጣ ወዲህ ያለው ነው። የ1 ጊጋ ኔትወርክ ይበቃል፦ 100 ጊጋባይት የመጀመሪያ ግልበጣ ሩብ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ከዚያ በኋላ የሚሄደው ልዩነቱ ብቻ ነው።

ሦስት ስህተቶች በተለይ ይደጋገማሉ።

አንደኛ፣ ምስክሩን ቨርቹዋል ማሽን አድርጎ እዚያው ክላስተር ውስጥ መጫን። የተሸከመው ሰርቨር ሲሞት ምስክሩም አብሮ ይሞታልና ሦስተኛው ድምፅ በሚፈለግበት ሰዓት አይገኝም።

ሁለተኛ፣ ሁሉንም በአንድ ስዊች ማገናኘት። ስዊቹ ሲጠፋ ሁለቱም ሰርቨሮች እርስ በርስም ምስክሩንም ማየት ያቆማሉ። ሁለቱም ምልዓተ ጉባኤ አጥተው ከ60 ሴኮንድ ገደማ በኋላ ራሳቸውን ያጠፉና እንደገና ይነሳሉ። ያየው ሰው ሰርቨሩ ተበላሸ ይላል፤ ጥፋቱ ግን የአንድ ስዊች ሶኬት ነው። መድኃኒቱ በሁለቱ ሰርቨሮች መካከል አንድ ቀጥተኛ ኬብል መሳብና ለኮሮሲንክ ሁለተኛ መንገድ አድርጎ መመዝገብ ነው። ስዊቹ ቢጠፋ እንኳ ሁለቱ ስለሚተያዩ 2 ከ3 ድምፅ ይዘው ይቀጥላሉ።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከፋል፦ አንዱ ሰርቨር ምልዓተ ጉባኤ ሲያጣ የሚጠበቀውን ድምፅ በትእዛዝ ወደ 1 ማውረድ። ሌላው ሰርቨር በእርግጥ መጥፋቱ በዓይን ካልታየ ይህ አይደረግም። ኬብል ብቻ ተቋርጦ ሌላው እየሠራ ከሆነ አንድ የሂሳብ ማሽን ሁለት ቦታ ይነሳል። በቡና ወቅት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ይህ ሲደርስ ሁለት የቡና አቅራቢዎች በአንድ ቁጥር ሁለት የተለያየ ደረሰኝ ይዘው ይመጣሉ። ያንን ማስታረቅ አዲስ ሰርቨር ከመትከል ይከብዳል።

ምርጫ 3፦ ሦስት ሰርቨርና የተከፋፈለ ማከማቻ

እዚህ ዲስኮቹ በሦስቱም ሰርቨሮች ተበትነው ሴፍ በሚባለው ሶፍትዌር እንደ አንድ ማከማቻ ይሠራሉ። እያንዳንዱ መረጃ ሦስት ቦታ ይጻፋል፣ ሁለት ቅጂ እስካለ ሥራው ይቀጥላል። አንድ ሰርቨር ቢሞት የሚጠፋ መረጃ የለም፤ ማሽኖቹ በደቂቃዎች ውስጥ ሌላ ቦታ ይነሳሉ። በዚህ በኩል የሚወዳደረው የለም። የሚያስከፍለው ግን ብዙ ነው፤ ብዙ ፕሮፎርማዎችም ይህን አይነግሯችሁም።

ከቦታው እንጀምር። በየሰርቨሩ 1.92 ቴራባይት የሆኑ አራት ዲስኮች ቢገዙ ድምሩ 23 ቴራባይት ነው። ለሦስት ቅጂ ሲካፈል 7.68 ይሆናል። ሴፍ 85 በመቶ ሲሞላ ማስጠንቀቅ ይጀምራል፣ 95 ላይ መጻፍ ያቆማል። በዚያ ላይ አንድ ዲስክ ሲሞት የያዘው መረጃ እዚያው ሰርቨር ላይ በቀሩት ሦስት ዲስኮች ላይ መስፈር አለበት። ይህ ሁሉ ሲሰላ በሰላም የምትጠቀሙበት 4.9 ቴራባይት ያህል ነው። 23 ገዝቶ 5 መጠቀም ማለት ነው፤ ኮሚቴው ይህን አውቆ ይፈርም።

ራም፦ ለእያንዳንዱ ዲስክ 4 ጊጋባይት፣ ለአራቱ 16፣ ለሥርዓቱና ለተቆጣጣሪው ፕሮግራም ሲጨመር በየሰርቨሩ 24 ጊጋባይት ያህል ለማከማቻው ብቻ ይሄዳል። ቀሪው ሲሰላም ሁለት ሰርቨር ብቻ እንዳላችሁ አድርጋችሁ ቁጠሩ፤ ሦስተኛው ሲሞት ሥራውን የሚሸከሙት ሁለቱ ናቸውና።

ዲስኮቹ መብራት ሲቋረጥ በጉዟቸው ላይ ያለውን መረጃ የሚጠብቅ ካፓሲተር ያላቸው፣ ለሰርቨር የተሠሩ መሆን አለባቸው። ለላፕቶፕ የተሠራ ኤስኤስዲ ካፓሲተሩ ስለሌለው እያንዳንዱን ጽሕፈት እስከ ቺፑ አድርሶ ይጠብቃል። ፋይል ሲገለበጥ ፈጣን ይመስላል፣ ዳታቤዝ ሲጫንበት ግን ይንፏቀቃል። ሱቅ ላይ ሁለቱ በመልክ አይለዩም፤ የሞዴል ቁጥሩን ከአምራቹ ሰነድ ጋር ሳታመሳክሩ አትረከቡ።

ኔትወርኩ 10 ጊጋ ይሁን። ሦስት ሰርቨር ብቻ ከሆነ ግን የ10 ጊጋ ስዊች መግዛት ግዴታ አይደለም። በየሰርቨሩ ሁለት የ10 ጊጋ ፖርት ካለ በሦስት አጫጭር ኬብሎች ሦስቱን በክብ ማገናኘት ይቻላል። ቢሞት መለዋወጫ የማይገኝለት አንድ ዕቃ ከመንገዱ ይወጣል። ለጅማ ይህን አሠራር እንመርጣለን።

ሴፍ ከሙሉ ጨለማ በኋላ ሰዓት ላይ ይቸግራል። ተቆጣጣሪዎቹ እርስ በርስ ከ0.05 ሴኮንድ በላይ ከተለያዩ ማስጠንቀቂያ ያወጣሉ፤ ልዩነቱ ሲሰፋም መስማማት ያቅታቸዋል። የአንዱ ማዘርቦርድ ባትሪ ሞቶ ከሆነ ያ ሰርቨር በተሳሳተ ቀን ይነሳል። የኢንተርኔት መስመሩ ገና ስላልተመለሰ ከውጭ የሚያርመው የለም። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ በክፍሉ ውስጥ የራሱ የሰዓት ባትሪ ያለው ትንሽ ማሽን ላይ ክሮኒ የሚባለውን የሰዓት ማስተካከያ ፕሮግራም መጫንና ሰርቨሮቹ ሰዓት ከእሱ እንዲወስዱ ማድረግ። ራስበሪ ፓይ እስከ 4ኛው ትውልድ የራሱ ሰዓት የለውም፤ ዲኤስ3231 የሚባለው ቁራጭ ይጨመርለት።

ምርጫ 4፦ ሁለት ሰርቨርና የጋራ ስቶሬጅ

ሰርቨሮቹ ዲስክ አይዙም፤ መረጃው ሁሉ አንድ ስቶሬጅ ላይ ነው። ስቶሬጁ ሁለት ኮንትሮለር (ዲስኮቹን የሚያስተዳድር ክፍል) ካለው፣ እያንዳንዱ ሰርቨር በሁለት መንገድ ከተያያዘና የአምራቹ የጥገና ውል ካለ ጥሩ ሥርዓት ነው። አንድ ኮንትሮለር ያለው ከሆነ ግን ሁለቱን ሰርቨር በአንድ ክር ላይ ማንጠልጠል ነው። ያገለገለ ስቶሬጅ በርካሽ ሲቀርብላችሁ ተጠንቀቁ፦ ብዙዎቹ የአምራቹን ዲስክ ብቻ ይቀበላሉ፣ የጽሕፈት ማቆያቸው ባትሪም ካረጀ ፍጥነታቸው ይወድቃል። ሌላው ችግር የአነሳስ ቅደም ተከተል ነው። ስቶሬጁ ለመነሳት 10 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል፤ ሰርቨሮቹ ከቀደሙት ዲስክ አጥተው ማሽኖቹን ሳያስነሱ ይቀራሉ። ሰርቨሮቹ እንዲዘገዩ ማድረግ ግድ ነው።

አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ሰርቨር መከራየትስ? ለድረ ገጽና ለኢሜይል ይሁን። መስመር ሲቋረጥ ለሚቆም የዕለት ሥራ ግን ብቸኛ አማራጭ አታድርጉት። ከከተማ ውጭ የሚቀመጥ ቅጂ ለመላክ ግን ተገቢ ቦታ ነው፦ በ10 ሜጋ ቢት መስመር 20 ጊጋባይት አራት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፣ ሌሊቱ ይበቃዋል።

| መስፈርት | 1፦ አንድና ተጠባባቂ | 2፦ ሁለትና ምስክር | 3፦ ሦስትና ሴፍ | 4፦ የጋራ ስቶሬጅ |
|---|---|---|---|---|
| አንድ ማሽን ሲሞት የሚቆምበት | 1–4 ሰዓት | ደቂቃዎች | ደቂቃዎች | ደቂቃዎች |
| የሚጠፋ መረጃ | እስከ 1 ሰዓት | ከ1–15 ደቂቃ | የለም | የለም |
| ከሙሉ ጨለማ በኋላ | በጣም ቀላል | ቀላል | ጥንቃቄ ይፈልጋል | ቅደም ተከተል ይፈልጋል |
| ኔትወርክ | 1 ጊጋ | 1 ጊጋና ቀጥታ ኬብል | 10 ጊጋ | 10 ጊጋ ቢሆን ይመረጣል |
| መለዋወጫ | ቀላል | ቀላል | መካከለኛ | ከባድ |
| የሚፈልገው ሙያ | መሠረታዊ | መካከለኛ | ከፍተኛ፣ ሁለት ሰው | መካከለኛና የጥገና ውል |

መብራት፦ ለሁሉም ምርጫ የጋራ

ሦስት ሰርቨር በ250 ዋት፣ ስዊች በ40 ዋት ብንል 790 ዋት ነው። ባለ 3000 ቪኤ ዩፒኤስ ውስጥ ባለ 12 ቮልት 9 አምፔር ሰዓት ስድስት ባትሪ ካለ በወረቀት 648 ዋት ሰዓት ይይዛል። በዚህ ጭነት ግን የሚገኘው ግማሹ ያህል ነው፤ አዲስ ሆኖ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ያቆያል። ባትሪው በ3ኛው ዓመት ይታዘዝ፣ ከ5 ዓመት አይለፍ።

ዩፒኤሱ መብራቱን ሁልጊዜ እየለወጠ የሚያወጣው፣ ኦንላይን የሚባለው ዓይነት ይሁን። ሌላው ዓይነት የአነስተኛ ጄኔሬተርን የሚዋዥቅ ፍሪኩዌንሲ አልቀበልም ይላል። ጄኔሬተሩ እየጮኸ ባትሪው ያልቃል። ጄኔሬተር ስትመርጡም ከፍታውን አስቡ፦ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3.5 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ጅማ 5 ኪሎ ዋት የተባለው ወደ 4 ይወርዳል። ከፍታው ሰርቨሩንም ይነካል፦ እስከ 35 ዲግሪ ይሠራል የተባለ ሰርቨር እዚህ 32 ላይ እንዲቆም አስሉ፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት የማንሳት አቅሙ ያንሳል።

አጠፋፉና አነሳሱ እንዲህ ይሁን። ዩፒኤሱ በዩኤስቢ ከምስክሩ ጋር (ምስክር በሌለባቸው ምርጫዎች ከሌላ ትንሽ ማሽን ጋር) ይያያዝ፣ ምስክሩ ላይ ነት የሚባለው የዩፒኤስ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ይጫን። ባትሪ ላይ 5 ደቂቃ ሲሞላ ቨርቹዋል ማሽኖቹ መዘጋት ይጀምሩ፣ ከዚያ ሰርቨሮቹ። ሴፍ ካለ ሰርቨሮቹ ከመጥፋታቸው በፊት ዲስክ ከሥርዓቱ እንዳይወጣና መረጃ እንዳይገለበጥ የሚያግዱት ምልክቶች ይበሩ። በባዮስ (በሰርቨሩ የመነሻ ቅንብር) ላይ «መብራት ሲመለስ ተነሳ» የሚለው ይጥፋ፤ መብራት ሲመለስ ሁለት ሦስት ጊዜ ብልጭ ድርግም ስለሚል ሰርቨሮቹ ግማሽ እየተነሱ መውደቃቸው ከጥፋቱ ይብሳል። መጀመሪያ የሚነሳው ምስክሩ ነው። 10 ደቂቃ የተረጋጋ መብራት ካየና ባትሪው 40 በመቶ ከሞላ በኋላ በዌክ ኦን ላን (በኔትወርክ በሚላክ የማስነሻ ትእዛዝ) ሰርቨሮቹን ያስነሳ።

ለመብረቅ፦ ከሕንፃ ወደ ሕንፃ የመዳብ ኬብል አትሳቡ፤ ፋይበር ይሁን። የመሬት መስመሩን በመሣሪያ አስለኩ፣ ከ5 ኦም በታች ቢሆን ይመረጣል።

ሲበላሽ የት ይፈለግ

ምልዓተ ጉባኤ ጠፋ ሲል መጀመሪያ የሁኔታ ትእዛዙ የሚያሳየውን የድምፅ ብዛት አንብቡ፣ ከዚያ ኬብሉን፣ ከዚያ ሰዓቱን። ኮሮሲንክ ብዙ መስመር አይፈልግም፤ የሚፈልገው ከ5 ሚሊ ሴኮንድ በታች ምላሽ ነው። ችግሩ በየሌሊቱ በአንድ ሰዓት የሚመጣ ከሆነ ቅጂው በዚያው ኬብል እየሄደ ነው ማለት ነው፤ ለይታችሁ በሌላ ፖርት አሳልፉት።

ቀን ቀን ሥርዓቱ ከከበደ የቅጂውን ሰዓት ተመልከቱ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ለማለት ክሮን (ሥራን በተወሰነ ሰዓት የሚያስጀምር ፕሮግራም) ላይ 8 የተጻፈ ከሆነ ሥራው የሚጀምረው ጠዋት 2 ሰዓት፣ ሠራተኛ ሲገባ ነው። ክሮን የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ መጻፍ የነበረበት 2 ነው። ይህ ስህተት ወራት ሳይታወቅ ይቀመጣል።

ቁም ሳጥን ውስጥ ይኑሩ፦ ከየዓይነቱ ሁለት ዲስክ፣ አንድ ፓወር ሰፕላይ፣ አንድ ማራገቢያ፣ ሁለት የኔትወርክ ኬብል፣ ሲአር2032 የማዘርቦርድ ባትሪዎች፣ የተዋቀረ ትርፍ ስዊች።

ለማን የቱ

ለክሊኒክ፣ ለሆቴልና እስከ 30 ሠራተኛ ላለው ቢሮ ምርጫ 1። ለቡና ላኪ፣ ለቁጠባና ብድር ማኅበር፣ መካከለኛ ባለሙያ ላለው ማንኛውም ድርጅት ምርጫ 2፤ የሂሳቡ ማሽን በየደቂቃው፣ ሌላው በየ15 ደቂቃው ይገልበጥ። ለሆስፒታልና ለኮሌጅ፣ ሴፍን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች በደመወዝ ካሉ ምርጫ 3። አንድ ሰው ብቻ ካለ ምርጫ 3ን አትግዙ፤ እሱ ዕረፍት የወጣ ሳምንት ትቸገራላችሁ። ምርጫ 4 የጥገና ውሉ በጽሑፍ ካለ ብቻ። ገንዘቡ ለምርጫ 2 ጥቂት ካነሰ የሰርቨሩን ፕሮሰሰር ቀንሱ እንጂ ዩፒኤሱን አትቀንሱ።

ከመጨረሻው ክፍያ በፊት

አቅራቢው ባለበት፣ ሠራተኛ እየሠራ፣ አራት ነገር አድርጉ። የአንዱን ሰርቨር ኬብሎች ንቀሉና ሥራው እስኪመለስ ደቂቃውን ቁጠሩ። መልሱትና የስዊቹን ሶኬት ለሁለት ደቂቃ ንቀሉ፤ በምርጫ 2 እና 3 ሰርቨሮቹ ራሳቸውን ካጠፉ ቀጥታ ኬብሉ አልተመዘገበም ማለት ነው። ከዚያ ዋናውን ብሬከር አውርዱ፣ ዩፒኤሱ ሁሉን ዘግቶ እስኪጨርስ ጠብቁ፣ ብሬከሩን መልሱና ማንም ኪቦርድ ሳይነካ ሥርዓቱ እስኪነሳ ቁሙ። በመጨረሻ የትናንቱን ቅጂ ባዶ ማሽን ላይ አስመልሱና ሂሳብ ሠራተኛዋን ጥሩ። የትናንቱን የመጨረሻ ደረሰኝ ከፍታ በእጇ ካለው ግልባጭ ጋር ካስተያየችና ቁጥሩ ከገጠመ ርክክቡ ላይ ትፈርም።